ወንዴና ሴቴ የእንጨት መገጣጠሚያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ሲባል ምን ማለት ነው?

የአንዱ እንጨት ጫፍ ዙሪያውን ይቆረጥና በመሃሉ ምላስ ይቀርለታል፤ በሌላው እንጨት ላይ ደግሞ ያ ምላስ የሚገባበት ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቆፈራል። ምላሱ ወንዴ ነው፣ ጉድጓዱ ሴቴ። ሞርታይዝና ቴነን ሲባል የሰማችሁትም ይኸው ነው፤ ሞርታይዝ ጉድጓዱ፣ ቴነን ምላሱ። ምላሱ ሲወጣለት በዙሪያው የሚቀረው ደረጃ ትከሻ ይባላል። የምላሱ ሁለት ሰፋፊ ጎኖች ደግሞ ጉንጭ ናቸው። ትከሻና ጉንጭ የሚሉትን ሁለት ስሞች ያዙ፤ መገጣጠሚያው ሲጠነክርም ሲበላሽም ምክንያቱ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው።

ምስማርና ብሎን እያለ ለምን ይህን ሁሉ ልድከም?

ምስማር እንጨትን የሚይዘው በአንዲት ነጥብ ነው። ሰው ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ሲወዛወዝ ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ብረቱ ምንም አይሆንም፤ በዙሪያው ያለው የእንጨት ጅማት ግን እየተጨፈለቀ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ወንበሩም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በተለይ በእንጨቱ ጫፍ በኩል፣ ጅማቱን ተከትሎ የገባ ብሎን የሚነክሰው ነገር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይነቀላል።

ወንዴና ሴቴ ግን ሥራውን ይከፋፈላሉ። ትከሻው ጉድጓዱ ያለበትን ቋሚ እንጨት ተደግፎ ምላስ ያለው አግዳሚ እንዳይወዛወዝ ያደርጋል፤ ጉንጮቹ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ገጥመው እንዳይጠማዘዝ ይይዙታል፤ ኮላው ወይም ካስማው ወጥቶ እንዳይሄድ ይጠብቀዋል። እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ይህን መገጣጠሚያ የሚያጠነክረው ልኩ ነው። ኮላ ልክ የሆነውን ያጸናል እንጂ ልክ ያልሆነውን አያድንም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ይመለሳሉ።

እውነት ያን ያህል ጥንታዊ ነው?

አዎ። በጀርመን በላይፕሲግ ከተማ አቅራቢያ ከ7000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የውኃ ጉድጓድ ተገኝቷል፤ የውስጥ ግድግዳው የተሠራው በወንዴና ሴቴ ከተጋጠመ የኦክ እንጨት ነው። የሠሩት ሰዎች ብረት የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ መሣሪያቸው ድንጋይና አጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከታላቁ የግብፅ ፒራሚድ ሥር የወጣው የፈርዖን ኩፉ ጀልባ 43 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሳንቆቹ በምላስና በጉድጓድ ተገጣጥመው በገመድ የተሰፉ ናቸው። ዕድሜው ወደ 4500 ዓመት ይጠጋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ስቶንሄንጅ የተባለው የእንግሊዝ ጥንታዊ የድንጋይ ሥራ ነው። እዚያ ግዙፎቹ ቋሚ ድንጋዮች አናታቸው ላይ እንደ ጡጦ ጫፍ የወጣ ወንዴ አላቸው፤ በላያቸው የተጋደሙት ድንጋዮች ደግሞ ከሥር ተፈልፍለው ሴቴ ተበጅቶላቸዋል። ድንጋይ በክብደቱ ብቻ ሊቀመጥ ሲችል እንዲህ መደረጉ፣ ሠሪዎቹ የእንጨት ሥራን ልምድ ወደ ድንጋይ ማምጣታቸውን ያሳያል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1056 የተሠራው የዪንግሺየን የእንጨት ግንብ ደግሞ 67 ሜትር ከፍታ አለው፤ የሚጠላለፉት እንጨቶቹ በምላስና በጉድጓድ ተያይዘው እስከ ዛሬ ቆመዋል።

የምላሱ ውፍረት ስንት ይሁን?

መነሻው ሲሶ ነው፤ የምላሱ ውፍረት ምላሱ ከሚወጣበት እንጨት ውፍረት አንድ ሦስተኛ ይሆናል። 45 ሚሊ ሜትር የሆነ የበር ክፈፍ 15 ሚሊ ሜትር ምላስ ይወጣለታል ማለት ነው። ምክንያቱ ሚዛን ነው። ምላሱ ከቀጠነ ራሱ ይሰበራል፤ ከወፈረ ደግሞ የጉድጓዱ ግድግዳ ይሳሳና ይሰነጠቃል። ሁለቱም እንጨቶች እኩል ሲወፍሩ ሲሶው ሁለቱንም ያስማማል።

ነገር ግን ሲሶ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በመጀመሪያ ያላችሁን መሮ ተመልከቱ። ስሌቱ 15 ብሎ እጃችሁ ላይ ያለው መሮ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ምላሱን 16 አድርጉት፤ የጉድጓዱን ስፋት የሚወስነው መሮው ነው። ቀጥሎ ሁለቱን እንጨቶች አስተያዩ። የጠረጴዛ እግር 60 ሚሊ ሜትር ወፍሮ አግዳሚው 22 ብቻ ከሆነ፣ ሲሶው 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህ በጣም ቀጭን ነው። እግሩ ወፍራም በመሆኑ ግድግዳው አያሰጋም፤ ስለዚህ ምላሱን እስከ 10 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ይቻላል። ደካማው የትኛው እንደሆነ ለዩና ለእሱ አድሉ።

የምላሱ ወርድ ከውፍረቱ 6 እጥፍ ገደማ ባያልፍ ይመረጣል። በጣም የረዘመ ጉድጓድ ግድግዳው መሃሉ ላይ ይለጠጣል፤ ሰፊ ምላስም ሲደርቅ ይበልጥ ይሸሻል፣ ማለትም ወርዱ ይጠብባል። አግዳሚው ሰፊ ከሆነ አንዱን ምላስ ለሁለት ከፍላችሁ በመካከላቸው ክፍተት ተዉ።

ጥልቀቱስ?

ጥልቀት በጣም ይጠቅማል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰስተው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ሾልኮ የማያልፍ ከሆነ ቢያንስ የቋሚውን ሁለት ሦስተኛ ይግባ፤ ከጀርባው ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እንጨት ይቅር። ምላሱን ከጉድጓዱ ጥልቀት በ2 ሚሊ ሜትር አሳጥሩት። ያቺ ባዶ ቦታ ትርፍ ኮላ የሚገባባት ናት። ከሌለች ኮላው መሄጃ አጥቶ ትከሻው እንዳይገጥም ይገፋል፤ አንዳንዴም እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ሾልኮ የሚያልፈው ይሻላል ወይስ ውስጥ የሚቀረው?

ጥንካሬ ከፈለጋችሁ ሾልኮ የሚያልፈው። ምላሱ በማዶ ሲወጣ ጫፉ ላይ ሽብልቅ ይመታበታል፤ ሽብልቁ ምላሱን ወደ ውጭ ከፍቶ እንደ እርግብ ጭራ ስለሚያሰፋው ወደ ኋላ ሊወጣ አይችልም። ሽብልቁ የሚከፍተው ወደ ጉድጓዱ ሁለት ጫፎች አቅጣጫ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ወደ ጎን ግድግዳዎቹ ከከፈተ ቋሚውን ጅማቱን ተከትሎ ይፈልጠዋል። መልክ ከበለጠባችሁ ውስጥ የሚቀረው ይበቃል፤ አብዛኛው የቤት ዕቃ በእሱ ነው የሚሠራው።

በማዕዘን ላይ ሲሆን ለምን ከምላሱ ይቆረጣል?

ቋሚው በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ሙሉ ወርድ ያለው ጉድጓድ ከተቆፈረ ጉድጓዱ አናቱ ክፍት ይሆናል፤ የሚይዘው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ምላሱ ከላይ በኩል ሲሶ ያህሉ ይቆረጥና አጭር ጉርድ ብቻ ይተውለታል። ጉርዱ አግዳሚው እንዳይጠማዘዝ ይይዛል፤ ከሱ በላይ ያለው የቋሚው እንጨት ደግሞ ጉድጓዱን ይዘጋል። ሌላም ምክር አለኝ፦ ቋሚውን ስትቆርጡ 25 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝሙና ትርፉን ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ቁረጡት። ስትቆፍሩ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ያ ትርፍ ይጠብቃችኋል።

ከየትኛው ልጀምር፣ ከወንዴው ወይስ ከሴቴው?

ከሴቴው። ጉድጓድ አንዴ ከሰፋ አይጠብም፤ ምላስን ግን በመሮ ወይም በመላጊያ እየሳሱ ወደ ልኩ ማምጣት ይቻላል።

በመሮ እንዴት ልቆፍር?

መጀመሪያ መስመሩ። የጉድጓዱን ስፋት ሁለት ሹል ባለው መስመር ማውጫ ሳሉት፤ የሁለቱ ሹሎች ርቀት ከመሮው ስለት ጋር እኩል ይሁን። መስመር ማውጫውን ሳትነኩት በዚያው ልክ ምላሱንም ሳሉ። ሁልጊዜም ከእንጨቱ ፊት ለፊት በመረጣችሁት አንድ ጎን በኩል ለኩ፤ አንዱን ከቀኝ ሌላውን ከግራ የለካ ሰው ሲገጥመው ደረጃ ይፈጠርበታል።

እንጨቱን ጨብጦ በሚይዝ ማጥበቂያ፣ በሞርሳ ወይም በሞርሴቶ፣ አጥብቃችሁ ከሥራ ጠረጴዛው እግር በላይ አድርጉት፤ ጠረጴዛው መሃል ላይ ከሆነ ምቱን ጠረጴዛው እየነጠረ ይበላዋል። ራሳችሁ በእንጨቱ ጫፍ በኩል፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ቁሙ። ከዚያ ሆናችሁ መሮው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወዲያው ታዩታላችሁ። ከጎን ከቆማችሁ ግን አታዩትም፤ ጠማማ ጉድጓድ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

የመሮው ስለት ጅማቱን አቋርጦ ይቁም። ከመሃል ጀምራችሁ በየ4 ወይም 5 ሚሊ ሜትሩ እየመታችሁ ወደ ጫፍ ሂዱ፤ ከዚያ መሮውን አዙራችሁ ወደ ሌላው ጫፍ። ከሁለቱም ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሳትነኩ ተዉ። ፍርፋሪውን በመሮ ስትፈነቅሉ የሚጨፈለቀው ያ የተዋችሁት ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስትቆርጡት ንጹሕ ጠርዝ ይወጣል። ለጥልቀቱ መሮው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉ። ሾልኮ የሚያልፍ ከሆነ ከአንድ ወገን እስከ ግማሽ፣ ከሌላው ወገን ቀሪውን ቆፍሩ። ከአንድ ወገን ብቻ ብትቀጥሉ መሮው ሲወጣ የማዶውን ፊት ይገነጥለዋል።

በትራፓኖ መብሳትስ?

ይቻላል፤ ድካሙንም ያቀላል። ከጉድጓዱ ስፋት ትንሽ ያነሰ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ብረት) መርጣችሁ በተከታታይ ብሱና ግድግዳውን በመሮ አስተካክሉ። ራውተርም (በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚፈለፍል ማሽን) ንጹሕ ጉድጓድ ያወጣል፤ ጫፎቹ ግን ክብ ስለሚሆኑ ወይ ጉድጓዱን በመሮ ካሬ አድርጉ፣ ወይ የምላሱን ጠርዝ አክብቡት። ሁለቱም ያው ነው፤ ጥንካሬው ያለው ጉንጩ ላይ እንጂ ማዕዘኑ ላይ አይደለም።

ምን ያህል መጥበቅ አለበት?

በእጅ ተገፍቶ፣ ቢበዛ በመዳፍ ቀላል መታ መታ ተደርጎ የሚገባ፤ ገልብጣችሁ ስትይዙት ደግሞ በራሱ የማይወድቅ። ልኩ ይህ ነው። መዶሻ ከጠየቃችሁ ጠብቋል።

ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ የጠረጴዛ አግዳሚ አላስገባ ቢለኝ «የጠበቀ ይጠነክራል» ብዬ በመዶሻ ነዳሁት። ገባ። በማግስቱ ስመለስ እግሩ ከጉድጓዱ ጫፍ እስከ ታች በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ አገኘሁት። ኮላው ውኃ ስላለበት ምላሱን አሳብጦት፣ ቀድሞውንም የተወጠረውን ግድግዳ ፈልጦታል። በዚያ ላይ ምላሱ ሲገባ ኮላውን ከጉንጩ ላይ ጠርጎ ወደ ታች ወስዶታል፤ ማለት ጠብቆም ደርቆም ነበር። እግሩን ከነልፋቱ ጥዬ አዲስ ሠራሁ።

የጠበቀውን ስታቀጥኑ የሚያብረቀርቀውን ቦታ ፈልጉ። ምላሱን አስገብታችሁ ስታወጡት ጉንጩ ላይ ተፋግቶ ያበራ ቦታ ይታያል፤ የሚነካው እዚያ ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ ሳሱ። የብርጭቆ ወረቀት ግን አትጠቀሙ፤ ጠርዙን ያከብበዋል፣ ምላሱም መሃሉ ወፍሮ ጫፉ የሳሳ ይሆናል።

ላልቶብኛል፤ ይጣል?

አይጣልም። ከዚያው እንጨት ስስ ቁራጭ በመላጊያ አውጡና ጅማቱን ከምላሱ ጅማት ጋር አንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ ጉንጩ ላይ በኮላ ለጥፉ፤ ሲደርቅ እንደገና ወደ ልኩ ሳሱት። ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ መሙላት ግን ራስን ማታለል ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው ሁለቱ ፊቶች ሲነካኩ ነው፤ ክፍተት ውስጥ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክፍተት መሙላት ግድ ከሆነ ኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክረው ሙጫ፣ ይሻላል።

ትከሻው ላይ ክፍተት ይታያል፤ ለምን?

ሦስት ነገር ተመልከቱ። ምላሱ ረዝሞ የጉድጓዱን ወለል ነክቶ ይሆናል፤ ትከሻው በአራቱም ጎን በአንድ መስመር ላይ አልተቆረጠ ይሆናል፤ ወይም በምላሱ ሥር ማዕዘን ላይ ያልጸዳ ጅማት ቀርቶ ይሆናል። የትከሻውን መስመር በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ማውጣት አብዛኛውን ችግር ያስቀራል፤ መጋዙ የሚሄድበት ጥርት ያለ ቦይ ያገኛል።

ያለ ኮላ ይቆማል?

ይቆማል፤ ለብዙ ሺህ ዓመታትም የቆመው እንዲሁ ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ የምወደው በተዛነፈ ቀዳዳ የሚመታውን ካስማ ነው። መጀመሪያ የሴቴውን ሁለት ግድግዳዎች አሻግራችሁ ትበሳላችሁ። ምላሱን አስገብታችሁ የቀዳዳውን መሃል በፑንታው ጫፍ ምላሱ ላይ ትነኩታላችሁ። ከዚያ ታወጡትና ምላሱን የምትበሱት ምልክቱ ላይ ሳይሆን ወደ ትከሻው 1 ሚሊ ሜትር ቀረብ አድርጋችሁ ነው፤ ለስላሳ እንጨት ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር። ጫፉ የሾለ ካስማ ሲመታ ሁለቱን ቀዳዳዎች ለማቅናት እየታገለ ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ትከሻውም ቋሚው ላይ ይጣበቃል። ሞርሴቶ እንኳ አያስፈልገውም።

ወደ ትከሻው ማለቴን ደግሜ ላስምርበት። ወደ ምላሱ ጫፍ ያዛነፈ ሰው ካስማውን በመታ ቁጥር መገጣጠሚያውን እያላቀቀ ነው። ካስማው ደግሞ በመጋዝ ተሰንጥቆ ሳይሆን በመጥረቢያ ጅማቱን ተከትሎ ከተፈለጠ ቀጥ ያለ እንጨት ይውጣ። ጅማቱ ያጋደለ ካስማ ሲታጠፍ ይሰበራል።

እንጨቱ በእርጥበትና በድርቀት ሲለዋወጥ መገጣጠሚያው አይላቀቅም?

እንጨት በስፋቱ ይሸሻል፣ በርዝመቱ ግን ከሞላ ጎደል አይነቃነቅም። እርጥብ እንጨት እስኪደርቅ በስፋቱ ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህል ሊቀንስ ይችላል። በወንዴና ሴቴ ላይ ሁለቱ ጅማቶች ስለሚሻገሩ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ባለበት ይቆያል። ምላሱ ጠባብ ከሆነ ልዩነቱ ከሚሊ ሜትር አያልፍምና ኮላው ይችለዋል። ሰፊ ምላስን ለሁለት ክፈሉ ያልኩትም ለዚህ ነው።

የወንበር ሠሪዎች ይህንኑ ጠባይ ለጥቅም ያውሉታል። በደንብ የደረቀውን ወንዴ ትንሽ እርጥበት በቀረው እግር ውስጥ ይሰካሉ። እግሩ ሲደርቅ ጠብቦ ወንዴውን ይጨብጠዋል፤ ወንዴው ደግሞ ከአየሩ ጥቂት እርጥበት ሲስብ ያብጣል። ተቃራኒውን፣ ማለትም እርጥብ ወንዴ በደረቅ ሴቴ ውስጥ መስካት፣ በጥቂት ወራት የሚላቀቅ ወንበር መሥራት ነው።

ለበር ቁልፍ የሚቆፈረው ጉድጓድስ?

እሱም ሞርታይዝ ነው፤ የሚገባበት ግን የብረት ሳጥን ነው። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ፦ የቁልፉን ሳጥን ልክ የመሃሉ አግዳሚ ምላስ ካለበት ላይ መቆፈር። እንዲህ ሲደረግ ምላሱ ይቆረጥና በሩ በቁልፉ በኩል መላላት ይጀምራል። የመሃል አግዳሚ ሰፊ የሚደረገውና ሁለት ምላስ የሚወጣለት በመካከላቸው ለቁልፉ ቦታ እንዲተርፍ ነው። የቁልፉን ልክ ሳትይዙ የበር ክፈፍ አትጀምሩ።

በግንባታ ላይ ወራጅ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር አያዳክመውም?

ያዳክመዋል፤ የት እንደሚቆፈር ግን ልዩነት ያመጣል። ጭነት ያለበት ወራጅ ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይለጠጣል፤ በቁመቱ መሃል ላይ ግን ሁለቱም ዜሮ ይጠጋሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን ከቁመቱ መሃል ገደማ አድርጉት፤ የታችኛውን ፊት በምንም ምክንያት አትቁረጡ፤ ጉጥ ካለበት ቦታም ራቁ። ጭነቱንም ምላሱ ብቻውን አይሸከም፦ የአግዳሚው ሙሉ ጫፍ ወደ ቋሚው ከ12 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ የሚቀመጥበት ደረጃ አብጁለት። ሰው የሚኖርበት ወለል ወይም ጣሪያ ከሆነ ልኩን መሐንዲስ ያስላው።

ዝናብ በሚያገኘው ቦታ ላይ ጉድጓዱ ወደ ላይ የተከፈተ ከሆነ ውኃ ያቁራል፤ ከሥሩ ትንሽ ማፍሰሻ ብሱለት። አለዚያ መበስበስ የሚጀምረው ከማይታየው ቦታ ነው።

በኤምዲኤፍና በቺፑድ ይሠራል?

አይመከርም። ሁለቱም ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቀው የሚሠሩ ጣውላዎች ናቸው፤ እንደ እንጨት ጅማት ስለሌላቸው ምላሱ እንደ ብስኩት ይሰበራል።

የወንበሬ መገጣጠሚያ ላላ፤ ኮላ ባፈስበት ይይዛል?

ለጥቂት ሳምንት ይይዝ ይሆናል። ነጩ ኮላ በደረቀ አሮጌ ኮላ ላይ አይጣበቅም፤ ንጹሕ እንጨት ይፈልጋል። የላላውን መገጣጠሚያ በእንጨት መዶሻ በቀስታ አላቁት፤ ካስማ ወይም የተደበቀ ምስማር ካለ መጀመሪያ አውጡ። የወንበሩ ኮላ በፊት ከእንስሳት ቆዳ ይሠራ የነበረው ዓይነት ከሆነ ሙቅ ውኃ ያለሰልሰዋል። ጉንጩንና የጉድጓዱን ግድግዳ እስከ እንጨቱ ድረስ በመሮ ፋቁ፤ ይህ ሲሆን ትንሽ መላላቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ስስ ቁራጭ ለጥፋችሁ ልኩን መልሱ። ኮላውን በአብዛኛው የጉድጓዱን ግድግዳ ቀቡ፣ ምላሱን በስሱ። ገጥማችሁ ከማጥበቃችሁ በፊት ወንበሩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙትና አራቱም እግሮቹ መሬት መንካታቸውን እዩ፤ ኮላው ከያዘ በኋላ የተጣመመ ወንበር አይቃናም። ከዚያ ሞርሴቶውን አጥብቁና 24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት።